ከአክሱም ገመድ እስከ ጋምቤላ ዶቃ፦ ታሪክን መልሶ ስለ መከወን

መንደርደሪያ

የመካከለኛውን ዘመን የሚወድ ሰው አንድ የማይሞላ ምኞት አለው፤ ያነበበውን በዓይኑ ማየት። ዜና መዋዕል ገልጦ የንጉሡን ድንኳን አተካከል፣ የባለሟሎቹን አሰላለፍ፣ የንግሡን ዕለት ልብስና ዜማ ሲያነብ «ያን ቀን እዚያ ቆሜ ባየሁት» ይላል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከዚህ ፍቅር ነጻ ነኝ አይልም። ዜና መዋዕል ማንበብ የጀመረው በተማሪነቱ፣ ለፈተና ነበር፤ ፈተናው ካለፈ በኋላ የቀጠለው ግን ለፍቅር ነው።

ይህ ምኞት ያስቸገራቸው ሰዎች በሌላውም ዓለም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1839 በስኮትላንድ፣ ኤግሊንተን በተባለ ስፍራ፣ የዘመኑ መኳንንት የጥንት የጦር ልብስ ለብሰው የፈረሰኛ ግጥሚያ ሊያሳዩ ተሰበሰቡ። ዶፍ ዝናብ ወረደና ትርዒቱ ጭቃ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1966 ደግሞ በካሊፎርኒያ፣ በበርክሌይ ከተማ፣ የመካከለኛውን ዘመን አኗኗር በልብስ፣ በምግብና በሰይፍ ጨዋታ መልሶ የሚኖር ማኅበር በአንድ ቤት ጓሮ በተደረገ ግብዣ ተጀመረ። ማኅበሩ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች ተስፋፍቷል።

በእኛ አገር ይህ ፍቅር ያደረበት ሰው ጎንደር፣ ላሊበላ ወይም አክሱም ይሄዳል። ወደ ጋምቤላ የሚሄድ የለም። ከጎሬ ደጋ ተወርዶ ባሮ ወንዝ ዳር ሲደረስ የሚገኘው ከተማ፣ በ20ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ለሱዳን ንግድ በተከፈተ ጣቢያ ዙሪያ ያደገ ነው፤ ግንብም ፍልፍል ቤተ መቅደስም የለበትም። ታደሰ ታምራት ስለ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት በጻፉት ዝነኛ መጽሐፋቸው የወሰኑት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1270 እስከ 1527፣ ብዙዎቻችን «መካከለኛው ዘመን» ስንል የምናስበው ነው። በዚያ ዘመን ካርታ ላይ የባሮ ቆላ ባዶ ሆኖ ይታየናል።

ይህ ጽሑፍ ሊያሳይ የሚሞክረው ተቃራኒውን ነው። በዜና መዋዕል ውስጥ የምንወደው ነገር፣ ማለትም ያለፈን ታሪክ በሰው አካል ደግሞ በመከወን ንጉሥን ንጉሥ ማድረግ፣ በጋምቤላ ያለ ብራና ኖሯል። የጋምቤላውን ስናጠና ደግሞ የአክሱሙን ይበልጥ እንረዳለን። ከዚህ አልፎ፣ ይህ ዓይነቱ ክዋኔ መቼ ሕያው እንደሆነና መቼ የልብስ ትርዒት ብቻ ሆኖ እንደሚቀር የሚለይ መመዘኛ እናገኛለን።

«ዳግም ክዋኔ» ስንል

እንግሊዛዊው የታሪክ ፈላስፋ ኮሊንግውድ፣ እርሱ ካረፈ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1946 በታተመው መጽሐፉ፣ የታሪክ ጸሐፊ ሥራ ያለፈውን ሰው ሐሳብ በራሱ አእምሮ መልሶ ማሰብ ነው ብሏል። የእርሱ ዳግም ክዋኔ በአእምሮ ውስጥ የሚፈጸም ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ቃሉን ከአእምሮ አውጥተን ወደ አካል እናመጣዋለን። «ዳግም ክዋኔ» ስንል ቀደም ሲል ሆነ ተብሎ የሚታመንን ነገር በሰው አካል፣ በዕቃና በቦታ ደግሞ ማድረግ ማለታችን ነው።

ይህ በሦስት ሊከፈል ይችላል። የመጀመሪያው ጨዋታ ነው፤ የኤግሊንተኑም የበርክሌዩም ከዚህ ይመደባሉ። ሁለተኛው መታሰቢያ ነው። ንግሥት እሌኒ የጢሱን አቅጣጫ ተከትላ መስቀሉን ማግኘቷ በደመራ ይታሰባል፤ በዓድዋ በዓል ወጣቶች ጎፈርና ጋሻ ይዘው ይወጣሉ። ሦስተኛው ሥርዓት ነው። በሥርዓት ውስጥ የሚከወነው ታሪክ በከዋኙ ላይ አንድ ነገር ያደርግበታል፤ አልጋ ወራሽ ሆኖ የገባው ንጉሥ ሆኖ ይወጣል።

ስለዚህ ሦስቱን የምንለይበት ጥያቄ አንድ ነው፤ ክዋኔው ሲያልቅ ምን ተለወጠ? በጨዋታ ልብሱ ይወልቃል፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል። በመታሰቢያ ትዝታ ይታደሳል። በሥርዓት ግን በሰዎች መካከል ያለው ግንኙነት ይለወጣል፤ የተለወጠውም እንደ ነበረ አይመለስም። ድንበሩ የጠበቀ አለመሆኑን ግን ማስታወስ ያሻል። በጥምቀት ታቦት ወደ ውኃ ሲወርድ ለአንዱ መታሰቢያ፣ ለሌላው ሥርዓት ነው።

የአክሱም ገመድ

በአገራችን በጽሑፍ ከተመዘገቡት ዳግም ክዋኔዎች ሁሉ ልብ የሚስበው የአክሱሙ ሥርዓተ ንግሥ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1436 አክሱም ወርደው ይህን ሥርዓት እንደ ፈጸሙ ዜና መዋዕላቸው ይናገራል። በ16ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ሠርፀ ድንግል፣ በ17ኛው መጀመሪያ ዐፄ ሱስንዮስ ተከትለዋል። የሱስንዮስን ሥርዓት በአገሩ የነበሩ የኢየሱሳውያን ሚስዮናውያንም ጽፈውታል።

ክዋኔው እንዲህ ነው። ንጉሡ በፈረስ ሆኖ ሲቀርብ አዋልደ ጽዮን የተባሉ ደናግል በመንገዱ ግራና ቀኝ ቆመው ገመድ ይዘረጉበታል። ማን እንደሆነ ይጠይቁታል። ይመልሳል፤ አይቀበሉትም። ደግመው ይጠይቁታል፤ አሁንም መልሱን አይቀበሉትም። በሦስተኛው የጽዮን ንጉሥ መሆኑን ሲናገር ሰይፉን መዝዞ ገመዱን ይቆርጣል፤ እነርሱም በእልልታ ያሳልፉታል። በአንድ ጊዜ ሁለት ታሪክ ይከወናል። አንደኛው የሆሣዕና ዕለት ወደ ኢየሩሳሌም የተደረገው ግባት ነው። ሁለተኛው አክሱምን ጽዮን ያደረገው የታቦተ ጽዮን ታሪክ ነው።

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ እዚህ ላይ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። መልሱን ጠያቂውም ተጠያቂውም አስቀድመው ያውቁታል። ነገር ግን ሁለት ጊዜ እንቢ መባሉ ጌጥ አይደለም። የሠራዊት ጌታ የሆነው ሰው በአገሬው ደናግል ፊት ቆሞ፣ ስሙ ብቻውን እንደማያሳልፈው በአደባባይ ይነገረዋል። ሥልጣኑን ከሰይፍ ሳይሆን ከታሪክ እንዲቀበል ይደረጋል፤ ሰይፉ የሚመዘዘው ከመልሱ በኋላ ነው። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በጥር 1864 ዓ.ም.፣ ለዘውድ አክሱምን መምረጣቸው የዚህ ክዋኔ ጉልበት ገና እንዳልሞተ ያሳያል።

ከወንዝ የወጣው ዶቃ

ከዚህ በኋላ ወደ ባሮ ቆላ እንወርዳለን። አኙዋዎች በባሮ፣ በአልዌሮ፣ በጊሎና በአኮቦ ወንዞች ዳር፣ በኢትዮጵያና በደቡብ ሱዳን ድንበር ግራና ቀኝ የሚኖሩ፣ ቋንቋቸው ከሉዎ ቋንቋዎች የሚመደብ ሕዝብ ናቸው። ስለ አገዛዛቸው ሰፊ ጥናት ያቀረበው እንግሊዛዊው የሰው ልጅ ባህል አጥኚ ኢቫንስ ፕሪቻርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 በመካከላቸው ተቀምጦ ጥናቱን በ1940 አሳተመ። እዚያው ዓመት ጦርነት ሲመጣ ተመልሶ የአኙዋ ተዋጊዎችን አሰልፎ በጊሎና በአኮቦ አካባቢ ከጣልያን ጋር ተዋግቷል።

የንግሥናው አፈ ታሪክ በአጭሩ ይህ ነው። ሁለት ልጆች ወንዝ ዳር በአንድ ዓሣ ተጣሉ። ኦቹዶ የተባለ ፍጡር ከውኃው ወጥቶ ዳኛቸው። የመንደሩ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ይዘው ወደ መንደር አመጡት። ከአለቃው ልጅ ጋር ተገናኝቶ ፀነሰች፤ እርሱ ግን ወደ ወንዙ ተመለሰ። የተወለደው ልጅ ጊሎ ይባላል፤ ኒዬያ የሚባሉት መሳፍንት ሐረጋቸውን ከእርሱ ይቆጥራሉ። ከወንዙ ሰው የቀረው ምልክት ኦቹኦክ የተባለው የአንገት ዶቃ ነው።

የመሳፍንቱ አሿሿም በዚህ ዶቃ ዙሪያ ይፈጸማል። ከዶቃው ጋር ሌሎች የአንገት ጌጦች፣ መቀመጫ፣ ጦርና ከበሮ አሉ። ተሿሚው በመቀመጫው ላይ ይቀመጣል፤ ዶቃው በአንገቱ ይታሰራል። በዚያች ቅጽበት ከወንዙ የወጣው ሰው ታሪክ በተቀመጠው ሰው ላይ ይደገማል። ተረቱን ማንም ቆሞ መተረክ አያስፈልገውም፤ ዶቃው ራሱ ይተርከዋል።

ይህ ለምን ከባድ ነገር እንደሆነ የሚገባን ሕጉን ስናውቅ ነው። አባቱ ዶቃውን ያላሠረ መስፍን ራሱም ሊሾምበት አይችልም። ስለዚህ አንድ መስፍን ለጥቂት ጊዜም ቢሆን ዶቃውን ካላሠረ ልጆቹ ከመሳፍንት ሐረግ ወጥተው ተራ ሰው ይሆናሉ። ለዚህም ሲባል ዶቃው ከአንገት ወደ አንገት በፉክክር፣ ብዙ ጊዜም በደም ይተላለፍ ነበር። ተወዳዳሪው የሚፈልገው ሰፊ ግዛት ከመግዛት ይልቅ በታሪኩ ውስጥ አንድ ጊዜ መቀመጥን፣ በዚያም የልጆቹን ስም ማዳንን ነበር።

ጠመንጃ ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የዝሆን ጥርስ ንግድ በጎሬ በኩል ብዙ መሣሪያ ወደ ቆላው አስገባ። ጠመንጃ ያካበተ ባለ ዶቃ እንደ ቀድሞው በቀላሉ የሚነቀል አልሆነም። ከእነዚህ መካከል ስሙ የገነነው አኩዌይ ዋ ቻም ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1912 የእንግሊዝ ጦር በዘመተበት ጊዜ ብርቱ ጉዳት አድርሶበታል። ከእርሱ ሞት በኋላ የሱዳን እንግሊዛዊ አስተዳደር የዶቃውን ዝውውር በቁጥጥሩ ሥር አደረገ። ደሙ ቀረ፤ ነገር ግን የሥርዓቱ ዳኛ ከውጭ የመጣ ሹም ሆነ።

ለንጽጽር የባሮን ውኃ ተከትለን እንውረድ። ባሮ ሶባት ሆኖ ነጭ ዓባይን ሲቀላቀል የሺሉክ አገር ይገኛል። ቋንቋቸው ከአኙዋ ጋር የአንድ ቤት ልጅ ነው፤ በአንዳንድ የሉዎ አፈ ታሪኮችም የሺሉክ መንግሥት መሥራች ኒካንግና ጊሎ ወንድማማቾች ናቸው። ሺሉኮች ንጉሥ ሲያነግሡ የኒካንግን ምስል ከአኩርዋ አምጥተው በፋሾዳ አቅራቢያ ከእጩው ንጉሥ ሠራዊት ጋር ያዋጉታል። ውጊያው የይምሰል ነው፤ አሸናፊው ኒካንግ ነው። እጩው ተማርኮ ይወሰዳል፤ ምስሉ በዙፋኑ ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ ተነሥቶ በቦታው ንጉሡ ይቀመጣል። ንጉሡ የሚነግሠው በጥንቱ ንጉሥ ከተሸነፈ በኋላ ነው። አክሱም ላይ ገመድ የሠራውን እዚህ ጦር ይሠራዋል፤ ሁለቱም መጪውን ገዥ በታሪክ ፊት ያስቆሙታል።

ኳሮና አጌም

ብዙ የአኙዋ መንደሮች በመሳፍንት ሳይሆን ኳሮ በተባሉ የመንደር አለቆች ይተዳደሩ ነበር። ኳሮው በደጁ ከበሮ አለው፤ ሰዎች ወደ እርሱ ሲቀርቡ ጎንበስ ብለው ነው። ሥነ ምግባሩ የቤተ መንግሥት ይመስላል። ነገር ግን ክብሩ የሚቆየው እጁ እስከተዘረጋ ድረስ ነው። ማብላት፣ ማጠጣት፣ ለጎረምሳው የጥሎሽ ዶቃ መርዳት አለበት።

ቢሰስት ወይም ቢኮራ ምን ይሆናል? መንደሩ ይነሣበታል። ይህ አመፅ አጌም ይባላል። ኳሮው ይባረራል፤ በቦታው ከዚያው ሐረግ ሌላ ሰው፣ ብዙ ጊዜም ወንድሙ ወይም የቅርብ ዘመዱ ይቀመጣል። ከበሮው ያው ነው፤ ጎንበስ ማለቱም ያው ነው፤ የተለወጠው የተቀመጠው ሰው ብቻ ነው። አንባቢ በዜና መዋዕል የለመደው ተመልካች እልል ብሎ የሚያሳልፍ ሕዝብ ነው። በአጌም ግን ተመልካቹ ተዋናዩን ከመድረክ የማውረድ መብት አለው። ጎንበስ የሚለው ሰው ቀጥ ማለትም እንደሚችል ኳሮው ያውቃል፤ ሥርዓቱን ከባዶ ማስመሰል የሚለየውም ይህ ዕውቀት ነው።

ንጉሥ የሌለበት ክዋኔ

ጋምቤላ የአኙዋ ብቻ አይደለችም። ኑዌር፣ ማጃንግ፣ ኦፖና ኮሞም አገራቸው ነው። ስለ ንግሥና ብቻ ብንጽፍ ንጉሥ የሌለው ሕዝብ ታሪክ የሌለው ይመስላል። ኢቫንስ ፕሪቻርድ የአኙዋን ጥናት ባሳተመበት በዚያው እ.ኤ.አ. በ1940 ስለ ኑዌርም ጽፏል። ኑዌሮች ንጉሥ የላቸውም፤ ጥንታዊ ክዋኔያቸው ግን ከዘውድ የማይተናነስ ነው።

ሰው የገደለ ኑዌር የነብር ቆዳ ለባሽ ወደሆነው የምድር ካህን ቤት ሸሽቶ ይገባል። ካህኑ የሟችን ወገኖች የከብት ካሣ እንዲቀበሉ ይለምናል። እንቢ ይላሉ፤ ወዲያው እሺ ማለት ሟቹን ማቃለል ነውና። ደግሞ ይለምናል፤ ደግመው እንቢ ይላሉ። በመጨረሻ ካህኑ ሊረግማቸው ሲነሣ ስለ እርሱ ክብር ሲሉ ይቀበላሉ። እንቢታው፣ ልመናውና የእርግማኑ ዛቻ ከአባቶች የተወረሰ ቅደም ተከተል አላቸው፤ ሁሉም ያውቀዋል። ሆኖም ያለዚህ ክዋኔ ደሙ አይደርቅም። በአክሱም «አይደለህም» የተባለው ንጉሥና በሶባትና ባሮ ሜዳ «አንቀበልም» የተባለው ካህን በአንድ የሥነ ቃል ጥበብ የተያዙ ናቸው። እንቢታው ተራ ሥርዓት ነው፤ እሺታው ግን እውነተኛ የሚሆነው በእርሱ ውስጥ ሲያልፍ ነው።

ሲቋረጥና መድረክ ላይ ሲወጣ

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ በጋምቤላ የኳሮና የኒዬያ ሥልጣን እንደ ፊውዳል ቅሪት ተቆጥሮ ተሻረ። ዲሙይ በተባለው ጥንታዊ የመስተዋት ዶቃ ጥሎሽ መስጠትም ታገደ። የታገደው «ልማድ» ነው ተባለ። በእኛ ዓይን ግን የተወሰደው የጽሑፉ ገጽ ነበር። ዶቃ በሚተርክበት ባህል ዶቃው ከእጅ ሲወጣ ተረቱ በአፍ ብቻ ይቀራል። በአፍ ብቻ የቀረ ተረት ደግሞ ልጅ ማስተኛ ይሆናል።

ኋላ ነፋሱ ተለወጠ። ሕገ መንግሥቱ የጸደቀበት ኅዳር 29 የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ተብሎ መከበር ጀመረ፤ በ2008 ዓ.ም. 10ኛው በዓል በጋምቤላ ከተማ ተከበረ። የታገደው ባህል ወደ ስታዲየም ተጋበዘ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ «ኋላ ቀር» መባልን የሚያስታውስ ሰው ልጁ በአደባባይ ሲያደምቀው ማየቱ ክብር ነው። ሆኖም መመዘኛችንን እንጠይቅ፤ ክዋኔው ሲያልቅ ምን ተለወጠ? በእንዲህ ያለ መድረክ እያንዳንዱ ሕዝብ በተመደበለት ደቂቃ ያልፋል። ተመልካቹ ያጨበጭባል እንጂ እንቢ አይልም። አጌም የሌለበት ኳሮ፣ እንቢታ የሌለበት ካህን ልብሱ ያምራል፤ ሥራው ግን ቀርቷል።

ሌላም አደጋ አለ። መድረክ ከሁሉም ሕዝብ ዘውድ፣ ጀግናና ጥንታዊነት ይጠይቃል። ብዙ ሕዝብ በአንድ ወንዝ ዳር በሚኖርበት ክልል፣ ደምም በፈሰሰበት፣ «የእኛ ንግሥና ከዚህ ይጀምራል» የሚል ክዋኔ ሳይታሰብ «ምድሩ የእኛ ነው» ወደሚል ሊዞር ይችላል። መካከለኛውን ዘመን የምንወድ ሰዎች ይህን ከማንም በፊት ልናውቅ ይገባናል፤ ዜና መዋዕላችንም የተጻፈው ያለ ዓላማ አልነበረምና።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ ለሥነ ቃል ተማሪ የሚተርፈው የሥራ መመሪያ ነው። ብዙዎቻችን ወደ መስክ ስንወጣ የምንጠይቀው «ተረቱ ምን ይላል?» ብለን ነው፤ በቴፕ ቀድተን፣ ተርጉመን፣ አባሪ አድርገን እንመለሳለን። የኦቹዶን ተረት በዚህ መንገድ በአንድ ገጽ ማስፈር ይቻላል። ከላይ እንዳየነው ግን የተረቱ ግማሽ በዕቃው፣ ሩቡ በመቀመጫው፣ የቀረው ደግሞ ቆሞ በሚያየው ሕዝብ ልብ ውስጥ ነው።

ስለዚህ አራት ጥያቄዎች ይጨመሩ። ዕቃው በማን እጅ ነው? ለመከወን መብት ያለው ማነው፣ የሌለውስ? እንቢ ቢባል ምን ይሆናል? ሲያልቅ ምን ተለወጠ? እነዚህን ለዐፄ ሠርፀ ድንግል ዜና መዋዕልም፣ ለአንድ የጋምቤላ መንደር ከበሮም ማቅረብ ይቻላል። በኳሮዎች ሥርዓት ውስጥ ያደጉ፣ የሽረቱንም ዘመን ያዩ አዛውንት ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ከተረቱ በላይ እነርሱ ብቻ ሊመልሱልን የሚችሉት ሦስተኛውን ጥያቄ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ዛሬም የአክሱምን ገመድ በዓይኑ ለማየት ይመኛል፤ ምኞቱ አልተወውም። ነገር ግን ከንጉሡ ፈረስ ይልቅ ማየት የሚሻው የገመዱን ጫፍ የያዙትን እጆች ሆኗል። ይህን ያስተማረው የባሮ ቆላ ነው።